ዙሴን ከ«የመጀመሪያው» ውድድር እናውጣው

ስለ ኮንራድ ዙሴ አንድ ነገር ሰምታችሁ ከሆነ የሰማችሁት ይህን ሳይሆን አይቀርም፦ «የዓለምን የመጀመሪያ ኮምፒውተር የሠራው ጀርመናዊ መሐንዲስ»። አጫጭር ቪዲዮዎች ይህን ይላሉ፤ የልደቱ ቀን በደረሰ ቁጥር የሚወጡ ጽሑፎችም ይህንኑ ይደግማሉ። ዙሴ ራሱም በ1970 አሳትሞ በ1984 አስፋፍቶ ያወጣውን፣ በ1993 ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመውን የሕይወት ታሪኩን «ኮምፒውተር፣ የሕይወቴ ሥራ» ብሎ ነው የሰየመው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ብታነቡት አትጸጸቱም። እኔን የሚያስቸግረኝ ከመጽሐፉ እየተቆነጸረ የሚነገረው ተረት ነው። ተረቱ ሁለት ነገር ይደብቃል። አንደኛ፣ ዙሴ ለስሌት ሒሳብ ያደረገውን ትልቁን አስተዋጽኦ «ማን ቀደመ» በሚል የሩጫ ወሬ ይሸፍነዋል። ሁለተኛ፣ ማሽኖቹ ለማን እንደተሠሩ አይናገርም። ሁለተኛው ላይ መጽሐፉም ራሱ ከወቀሳ አያመልጥም።

ከመነሻው እንጀምር። ዙሴ (ጀርመኖች «ጹዜ» ብለው ነው የሚጠሩት) በ1910 በርሊን ተወለደ፤ አባቱ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። በበርሊን ሻርሎተንቡርግ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ መካኒካል ምህንድስናን ሞከረ፣ ወደ አርክቴክቸር ዞረ፣ በመጨረሻ ሲቪል ምህንድስና ላይ ረጋ፤ በ1935 ተመረቀ። በዚያን ጊዜ ሲቪል መሐንዲስ መሆን ማለት ከምንም በላይ መቁጠር፣ ማባዛት፣ እንደገና መቁጠር ማለት ነበር።

ለምን? አንድ ሰሌዳ በሁለት ግድግዳ ላይ ብታጋድሙ እያንዳንዱ ግድግዳ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም በቀላሉ ታሰላላችሁ። ሦስተኛ ግድግዳ መሃል ላይ ጨምሩበትማ! አሁን የሰሌዳውን መጉበጥ ሳታውቁ ክብደቱን ማካፈል አትችሉም፤ መጉበጡን ደግሞ ክብደቱን ሳታውቁ አታውቁትም። እነዚህ እርስ በርስ የተጠላለፉ ጥያቄዎች ወደ መስመራዊ እኩልታዎች ይለወጣሉ። ትልቅ ድልድይ ወይም የአውሮፕላን ክንፍ ሲሆን ያልታወቁት ብዛት በአሥሮች ይቆጠራል።

በትምህርት ቤት ሁለት ያልታወቁ ያሉባቸውን ሁለት እኩልታዎች በማስወገድ ዘዴ ፈትታችኋል። ዘዴው ለሃያም ይሠራል፤ ድካሙ ግን በሃያ እጥፍ አይደለም የሚያድገው። ያልታወቁት ብዛት ኤን ከሆነ የሚያስፈልገው ማባዛት በግምት የኤን ሦስተኛ አርቢ ለ3 ሲካፈል ነው። ለ20 ያልታወቁ ወደ 2,700 ማባዛት፤ ለ40 ደግሞ ወደ 21,000። ብዛቱን እጥፍ ስታደርጉት ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ይህን በወረቀት፣ በስላይድ ሩልና በእጅ በሚዞር የሒሳብ ማሽን የሚሠሩ ሰዎች ሳምንታት ያልፋቸው ነበር። መሃል ላይ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ገደል ገባ።

ከዙሴ ታሪክ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ክፍል እዚህ ላይ ነው፤ ተረቱ ግን ዘሎት ያልፋል። መሐንዲሶቹ ስሌቱን የሚሠሩት በታተመ ቅጽ ላይ ነበር። በቅጹ ላይ «በዚህ ሳጥን ያለውን በዚያ ሳጥን ካለው ጋር አባዛና ውጤቱን እዚህ ጻፍ» የሚል ቅደም ተከተል አለ። ዙሴ ቅጹን እያየ አንድ ነገር ታየው። ቅጹን የሚሞላው ሰው ምንም አያስብም። ሳጥኖቹ የቁጥር ማስቀመጫ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ትእዛዝ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ቁጥር የሚያመላልስ ተሸካሚ። እንግዲህ ሳጥኖቹን ሜሞሪ፣ ቅደም ተከተሉን ፕሮግራም፣ ሰውየውን የሒሳብ ክፍል ብላችሁ ጥሯቸው። ኮምፒውተር ማለት ይሄው እኮ ነው! ሐሳቡ የመጣው ከአሰልቺ ቅጽ ነው እንጂ ከሰማይ በወረደ መብረቅ አይደለም። ዙሴ ያኔ የእንግሊዙን የቻርልስ ባቤጅን ሥራ አያውቅም ነበር።

ከተመረቀ በኋላ በሄንሸል የአውሮፕላን ፋብሪካ የጥንካሬ ስሌት ሠራተኛ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ በ1936 ገደማ ለቀቀና ወላጆቹ ሳሎን ውስጥ ማሽን መሥራት ጀመረ። ቤተሰቡ ገንዘብ አዋጣ፤ የኮሌጅ ጓደኞቹ ከስስ ብረት ሳህኖችን እየቆረጡ አገዙት። ዜድ 1 በ1938 አለቀ። ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር የለበትም፤ ወዲያና ወዲህ በሚንሸራተቱ ሳህኖች ብቻ የሚያስላ መካኒካል ማሽን ነው። ቶሎ ቶሎ ይጣበቅ ስለነበር በደንብ ሠርቷል ለማለት አይደፈርም።

ግን ሳህኖቹ ውስጥ የነበረውን ሐሳብ ተመልከቱ። መሐንዲስ በአንድ ስሌት ውስጥ የብረትን የመለጠጥ መጠን 2,100,000 (ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር) ብሎ ይጽፋል፤ ከጎኑ ደግሞ ብረቱ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ምን ያህል እንደሚረዝም ለማሳየት 0.000012 ይጽፋል። ሁለቱንም የሚይዝ ቋሚ ሳጥን ለማዘጋጀት በጣም ብዙ ቦታ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ደግሞ በባዶ ዜሮ የሚሞላ ነው። ዙሴ ያደረገው እናንተ በፊዚክስ ክፍል የምታደርጉትን ነው፦ 2.1 በ10 ስድስተኛ አርቢ፣ 1.2 በ10 ነጌቲቭ አምስተኛ አርቢ። አርቢውን ለብቻ፣ ጉልህ አኃዞቹን ለብቻ ያስቀምጣል። ልዩነቱ በአሥር ምትክ ሁለትን መጠቀሙ ነው። ይህ ዛሬ ተንሳፋፊ ነጥብ የምንለው አጻጻፍ ነው።

ከዜድ 1 በኋላ የመጣውና በ1941 የተጠናቀቀው ዜድ 3 ሪሌይ የሚባሉ የስልክ ማዞሪያ መሣሪያዎችን ይጠቀም ነበር፤ ወደ 2,600 የሚሆኑ። እያንዳንዱ ቁጥር 22 ቢት ነበረው፦ አንዱ ለምልክት፣ 7 ለአርቢው፣ 14 ለጉልህ አኃዞቹ። እዚህ ላይ የምታስቀና ዘዴ አለች። በሁለትዮሽ ቁጥር የመጀመሪያው ጉልህ አኃዝ ሁልጊዜ 1 ነው፤ ሌላ ምርጫ የለውማ። ሁልጊዜ 1 ከሆነ ታዲያ ማስቀመጥ ለምን ያስፈልጋል? ዙሴ ተወውና በ14 ቢት የ15ቱን ትክክለኛነት አገኘ። በ1985 የወጣው ዓለም አቀፍ የተንሳፋፊ ነጥብ ደረጃ፣ ማለትም ስልካችሁና ላፕቶፓችሁ ውስጥ ያለው፣ ይህንኑ የተደበቀ ቢት ይጠቀማል። ዜድ 3 ዜሮንና ወሰን የለሽን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል የመሰለ ትርጉም የለሽ ጥያቄም ሲገጥመው ዝም ብሎ የሐሰት መልስ አይሰጥም ነበር። የስሌት ሒሳብ አስተዋጽኦ ብዬ የማወራው ይህን ነው። ፓይተን የምትሞክሩ ከሆነ 0.1 + 0.2 ብላችሁ ጻፉና የሚወጣውን መልስ እዩት። 0.3 አይደለም፤ 0.30000000000000004 ነው። ያቺ ጭራ የማሽኑ ብልሽት አይደለችም። ማለቂያ የሌለውን ቁጥር ውስን ሳጥን ውስጥ ስትከቱ የምትከፍሉት ዋጋ ናት። ዙሴ 22 ቢት ብቻ ይዞ ይህን ዋጋ ሲያመዛዝን ነበር፤ ያገኘው ወደ አራት አኃዝ የሚጠጋ ትክክለኛነት ነው። ስላይድ ሩል ሦስት ያህል ስለሚሰጥ ለመሐንዲስ የሚያዋጣ ልውውጥ ነው።

«የመጀመሪያው»ንስ ምን እናድርገው? በወረቀት ከሆነ ስፔናዊው ሊዮናርዶ ቶሬስ ኬቬዶ ተንሳፋፊ ነጥብን ለማሽን እንደሚሆን አድርጎ በ1914 ጽፎታል። በኤሌክትሮኒክስ ከሆነ የአታናሶፍና የቤሪ ማሽን በአሜሪካ፣ ኮሎሰስ በእንግሊዝ አሉ። ፕሮግራሙን በራሱ ሜሞሪ ውስጥ የያዘ ከሆነ በ1948 የሠራው የማንቸስተሩ ማሽን አለ። ዜድ 3 «በፕሮግራም የሚታዘዝ፣ ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ፣ ሠርቶ የታየ» የሚሉት ቅጽሎች ሁሉ ሲደረደሩለት ያሸንፋል። ቅጽል ከበዛ ግን ውድድሩ ለአሸናፊው ተብሎ የተሰፋ ልብስ ይሆናል።

ውድድሩ የሚደብቀውን ጉድለትም እንየው። ዜድ 3 ዘጠኝ ትእዛዞች ብቻ ነበሩት፦ አንብብ፣ አሳይ፣ ከሜሞሪ አምጣ፣ ወደ ሜሞሪ ክተት፣ ደምር፣ ቀንስ፣ አባዛ፣ አካፍል፣ ስኩዌር ሩት አውጣ። «እንዲህ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያን አድርግ» የሚል ትእዛዝ የለም። ፕሮግራሙ የተበሳ የሲኒማ ፊልም ነው፤ መደጋገም ካስፈለገ የፊልሙ ሁለት ጫፎች ይጣበቃሉ። ሜሞሪው የሚይዘው 64 ቁጥር ነው። አሁን አስሉት፦ ሰባት እኩልታ ከነመልሶቻቸው 7 ሲባዛ በ8፣ 56 ቁጥር ነው፤ ይገባል። ስምንት እኩልታ ግን 72 ነው፤ አይገባም። ዙሴን ያነሳሳው የአሥሮች ያልታወቁ ችግር፣ በዚያ ታዋቂ ማሽን ሜሞሪ ውስጥ ለመቀመጥ እንኳ አይችልም ነበር። በ1998 የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ራውል ሮሃስ በረቀቀ ዘዴ ዜድ 3 በመርህ ደረጃ ሁሉን አቀፍ ማሽን ሊባል እንደሚችል አረጋግጧል። ማረጋገጫው ትክክል ነው፣ ያምራልም። ግን በ1941 በርሊን ውስጥ ማንም በዚያ መንገድ አልተጠቀመበትም፤ ሒሳባዊ ውጤትን እንደ ታሪካዊ ሜዳሊያ አንገት ላይ ማጥለቅ አይመቸኝም።

ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። 1941 ማለት ጦርነት ነው። ዜድ 3ን በገንዘብ የደገፈው የጀርመን የአቪዬሽን ምርምር ተቋም ነበር፤ የሚፈልገውም የአውሮፕላን ክንፍ መንቀጥቀጥን ማስላት ነው። ዙሴ በ1939 ለውትድርና ተጠርቶ ከወራት በኋላ የተለቀቀው ሄንሸል ፋብሪካ ተመልሶ እንዲሠራ ነው። እዚያ ኤስ 1 የሚባል ልዩ ማሽን ሠራ። ሄንሸል 293 የምትባል በሬዲዮ የምትመራ ተንሸራታች ቦምብ ነበረቻቸው፤ ክንፎቿ ከፋብሪካ ሲወጡ ትንሽ ትንሽ ይዛባሉ። ወደ መቶ የሚጠጉ ልኬቶች ይወሰዱና ክንፉ በምን ያህል መስተካከል እንዳለበት ይሰላል። ኤስ 1 ይህን ስሌት ከሰዎች እጅ ወሰደ። ኤስ 2 ደግሞ ልኬቶቹን ራሱ ከመለኪያው እንዲያነብ ተደርጎ ተሠራ።

ተረቱን የሚያወሩ ሰዎች ኤስ 2ን «የመጀመሪያው የፋብሪካ ሂደት ተቆጣጣሪ ኮምፒውተር» ብለው ያደንቁታል። እንደገና «የመጀመሪያው»! ሄንሸል 293 የምትሠራውን ግን ስንቱ ይጨምርበታል? በኅዳር 1943 ሮና የምትባል የጦር ሠራዊት ማመላለሻ መርከብ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በዚህ ዓይነት ቦምብ ተመትታ ሰጠመች፤ ከ1,000 በላይ ሰዎች አለቁ። ያቺን ቦምብ የዙሴ ማሽን ነው ያስተካከላት ማለቴ አይደለም። ስሌቱ ምን ለመምታት እንደነበር ሳንናገር ስሌቱን ብቻ ማድነቅ ግማሽ ታሪክ ነው እያልኩ ነው።

ዙሴ የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም። በመጽሐፉ ውስጥ ፈጣሪ ሰው ሐሳቡን እውን ለማድረግ ሲል ከኃያላን ጋር መደራደር ግድ እንደሚሆንበት ይጽፋል፤ ራሱን ዓለምን ማሻሻል ፈልጎ እውነታ ከሚያሸንፈው ሰው ተርታ ያስቀምጣል። ይህን ክፍል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ አላሳመነኝም። ለ«ግድ» የሚል ቃል ብዙ ቦታ ሰጥቷል፣ ለምርጫ ግን ጥቂት። በ1945 መጀመሪያ ከበርሊን ሲሸሽ ቀጣዩን ማሽን ዜድ 4ን ይዞ ነበር፤ ያኔ ስሙ «ፋው 4» ስለነበር ሰዎች እንደ ፋው 1 እና ፋው 2 የመሰለ ምስጢራዊ መሣሪያ ነው ብለው አስበው መንገድ እንደከፈቱለት እየሳቀ ይተርካል። በዚያው ጉዞ የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች መሬት ውስጥ ሮኬት የሚሠሩበትን ቦታ እንዳየና ማሽኑን እዚያ መተው እንዳልፈለገ ያነሳል። ቀልዱ ላይ ግን ይቆያል፣ ዋሻው ላይ አይቆይም። የአንድ መጽሐፍ ሚዛን የሚታወቀው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ስታነቡት ልብ በሉ።

ዜድ 3 በ1943 መጨረሻ በርሊን ስትደበደብ ወደመ። ዜድ 4 ግን ባቫርያ ተራሮች ሥር ተደብቆ ተረፈ፤ የዙሴ እውነተኛ ተጽዕኖ የጀመረውም ከዚህ ነው። በ1949 የዙሪኩ የፌዴራል ቴክኒክ ተቋም የሒሳብ ሊቅ ኤድዋርድ ሽቲፈል መጥቶ ማሽኑን በአንድ ዲፈረንሻል እኩልታ ፈተነው፤ ወደደውና ተከራየው። ከ1950 እስከ 1955 ዜድ 4 ዙሪክ ውስጥ ሠራ። ያ የጎደለው «እንዲህ ከሆነ» ትእዛዝ የተጨመረውም ለዙሪክ ተብሎ ነው።

ሜሞሪው አሁንም 64 ቁጥር ብቻ ነበር። ታዲያ ትልልቅ እኩልታዎችን እንዴት ይፍቱበት? ሽቲፈልና አሜሪካዊው ማግነስ ሄስተንስ በ1952 ኮንጁጌት ግሬዲየንት የሚባል ዘዴ አሳተሙ። በማስወገድ ዘዴ የቁጥሮቹ ሰንጠረዥ በየደረጃው ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ሁሉንም መያዝ አለባችሁ። በዚህ ዘዴ ግን ሰንጠረዡ አይነካም፤ መልሱን ገምታችሁ፣ ስሕተቱን ለክታችሁ፣ በተመረጠ አቅጣጫ እያረማችሁ ትሄዳላችሁ። ሰንጠረዡ መደበኛ ቅርጽ ካለው ጭራሽ ማስቀመጥ አያስፈልግም። በጽሑፋቸው እንደተጠቀሰው እስከዚያ በዘዴው ከተፈቱት ትልቁ 106 እኩልታዎች ያሉት ሥርዓት ሲሆን፣ የተፈታውም በዙሪኩ የዙሴ ማሽን ነው። ሙሉ ሰንጠረዡ ቢጻፍ 11,236 ቁጥር ይሆን ነበር! ይህ ዘዴ ዛሬም የአየር ጠባይ ትንበያን፣ የሕንፃ ጥንካሬን፣ የፊልም ግራፊክስን በሚያሰሉ ፕሮግራሞች ውስጥ አለ። ኮምፒውተሩ ትንሽ ስለነበር ሒሳቡ ብልህ መሆን ነበረበት። «የመጀመሪያው» የሚለው ወሬ ዜድ 3 ላይ ስለሚቆም ይህን ምዕራፍ ሳያነበው ያልፋል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ላውራላችሁ። ዙሴ በ1940ዎቹ ፕላንካልኩል የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነድፏል፤ ቼዝ የመጫወት ስሌት ሁሉ ጽፎበታል። የሚገርመው «እንዲህ ከሆነ» የማይል ማሽን የሠራው ሰው ቋንቋው ውስጥ «እንዲህ ከሆነ»ን መሙላቱ ነው። ሙሉው የታተመው ግን በ1972 ነው፤ ፎርትራንም ሌሎቹም ያለ እሱ ተወልደው አድገው ነበር። በ1949 የመሠረተው ኩባንያ 251 ኮምፒውተሮች ሠርቶ በዕዳ ተዳክሞ በ1960ዎቹ ከእጁ ወጣ፤ በ1967 ሲመንስ ወሰደው። በዚያው ዓመት የጀርመን የፓተንት ፍርድ ቤት በ1941 ያቀረበውን ማመልከቻ «በቂ የፈጠራ ደረጃ የለውም» ብሎ ውድቅ አደረገ። ውሳኔው ከ26 ዓመት በኋላ ነው የመጣው፤ እዚህ ላይ ከዙሴ ጋር ነኝ።

መጽሐፉን ካገኛችሁ ስለ ስሌት ቅጾቹ ከሚያወራው ክፍል ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ዙሪክ ዝለሉ፤ የጦርነቱን ምዕራፎች እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ። ዙሴ በሰባዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ፣ ከ1986 እስከ 1989፣ በቦምብ የወደመውን ዜድ 1ን እንደገና ሠራው፤ አሁን በርሊን የቴክኖሎጂ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ከሃምሳ ዓመት በፊት እንደነበረው ሁሉ ይሄኛውም ቶሎ ቶሎ ይጣበቅ ነበር።